ኦሳካ የሄደ ነጋዴ ምን ይዞ ይመለስ?

ከወልቂጤና ከቡታጅራ አካባቢ ተነሥቶ በመርካቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ዱባይን እንደ ሰባተኛ፣ ጓንዡን እንደ አመዴ ገበያ ለይቶ ማወቅ ከጀመረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሆቴሉን፣ የመጋዘኑን በር፣ ዕቃ የሚያሽገውን ሰው ሳይቀር ያውቃል። ጃፓን ግን ለአብዛኛው ነጋዴ በዕቃ ላይ የተለጠፈ ስም እንጂ የተረገጠ ምድር አይደለም። ዕድል የገጠማቸው ጥቂቶች ቶኪዮን ወይም ኦሳካን አይተው ሲመለሱ ስለ ባቡሩ ፍጥነትና ስለ መንገዱ ንጽሕና በየቡና ቤቱ ሲያወሩ ይሰነብታሉ፤ ስለ ገዢው አድራሻ፣ ስለ ናሙናው መጠን፣ ስለ ተመለሰው ጭነት የተጠየቁ እንደ ሆነ ግን ጨዋታው ወደ ሌላ ይዞራል። እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ይኸው ዝምታ ነው።

ዝምታው የቈየ የአገር ልማድ ነው እንዳይባል የሚከለክል ምስክር አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት በተላኩ ጊዜ እርሳቸውም ለዚያች አገር እንግዳ ነበሩ። በባሕር ተጉዘው ሲመለሱ ግን ያዩትን በሆዳቸው አላስቀሩትም፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳትመው ማንበብ ለሚችል ሁሉ ሰጡ። መጽሐፉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ጃፓንኛ ተተርጕሟል። በዚያን ዘመን የሁለቱ አገሮች ግንኙነት የቤተ መንግሥት ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም። የወዳጅነትና የንግድ ውሉ በ1923 ዓ.ም. ተፈርሞ ነበር፤ ከጃፓን ፋብሪካዎች የሚወጣውም ርካሽ የጥጥ ጨርቅ የኢትዮጵያን ገበያ አብዛኛውን ክፍል ይዞ ነበር። «የምሥራቅ ማንቸስተር» ትባል የነበረችው ኦሳካ ደግሞ የዚህ ሥራ ዋና ከተማ ነበረች። እንግዲህ በዚያን ጊዜ አቡጀዲ እየቀደደ የሸጠ ነጋዴ የኦሳካን ስም ሳይሰማ የኦሳካን ሥራ በክንዱ ሲለካ ኖሯል ማለት ነው።

ዛሬ መንገዱ አጭር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ናሪታ መብረር የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ ያለው የምድር ባቡር መሥመር 515 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህም ከወልቂጤ አዲስ አበባ ከሚያደርሰው መንገድ ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ፈጣኑ ባቡር በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ይህ ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 21 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን ሁለተኛ ወርቃቸውን ከመውሰዳቸው ሃያ ቀን በፊት ነበር።

መቼም አዲስ እንግዳ በፍጥነቱ ይደነቃል። ነጋዴ የሆነ ሰው ግን ከፍጥነቱ ይልቅ አንዲት ትንሽ ወረቀት ብታስደንቀው ይሻላል። በጃፓን ከተሞች ባቡር ጥቂት ደቂቃ የዘገየ እንደ ሆነ የባቡሩ ድርጅት የመዘግየት ማስረጃ ለተሳፋሪው ይሰጣል፤ ሠራተኛውም ያን ወረቀት ወስዶ ለአለቃው ያሳያል። የአምስትና የዐሥር ደቂቃ መዘግየት በወረቀት በሚመሰከርበት አገር፣ በጥር እልካለሁ ብሎ በሚያዝያ የሚልክ ላኪ በምን ዓይን እንደሚታይ መገመት አያዳግትም። ገዢው አይቈጣም፤ አይሰድብም፤ ደብዳቤም አይጽፍም። በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ አገር ይገዛል፤ ያ ብቻ ነው። እንዲሁም «እናስብበታለን» የሚል መልስ ከጃፓን ገዢ የሰማ እንግዳ ደስ ብሎት ወደ ሆቴሉ ባይሄድ ይመረጣል። ይህ ቃል እዚህ አገር «እስቲ እናያለን» እንደሚባለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ በትሕትና የተነገረ እምቢታ ነው።

የመጠሪያ ካርድ በሁለት እጅ መስጠትና መቀበል፣ የተቀበሉትንም ሳያነቡ ወደ ኪስ አለመክተት፣ ከቤት ሲገቡ ጫማ ማውለቅ፣ ለአስተናጋጅ ጉርሻ አለመስጠት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚለመዱ ነገሮች ስለሆኑ ብዙ አያነጋግሩም። ስለ ምግቡ ግን አንድ ቃል ያስፈልጋል። ክትፎ ያለ ጥብስ የሚበላ የጉራጌ ሰው ጥሬ ዓሣ ሲቀርብለት ፊቱን ቢያዞር ለሰሚ አይመችም። ጾመኛው ተጓዥ ግን የአትክልት ሾርባ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ በተቀቀለ ውሃ የሚሠራ መሆኑን ይወቅ። ሙስሊሙም ነጋዴ የአሳማ ሥጋና ለማጣፈጫ የሚጨመር የሩዝ መጠጥ በየምግቡ እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ። ከኦሳካ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኮቤ እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራ የጃፓን የመጀመሪያው መስጊድ ስለሚገኝ፣ የሚበላበትን ቦታ የሚያሳየው ሰው በዚያ አያጣም።

ስለ ጉዞ ሲነሣ የሻምበል አበበ ስም አይቀርም። በዚያ አገር በዕድሜ የገፋ ሰው ኢትዮጵያ ሲባል ስማቸውን ያነሣል፤ እንግዳውም ልቡ ይሞላል። ስም ግን ሰላምታ ያስገኛል እንጂ ትእዛዝ አያስገኝም። ይልቅስ ከሻምበል አበበ ታሪክ ለነጋዴ የሚጠቅመው የሰኔ 1953ቱ ነው። በዚያን ወር በኦሳካ ማይኒቺ ማራቶን ለመሮጥ በመጡ ጊዜ ኦኒትሱካ ኪሃቺሮ የተባለ የኮቤ ጫማ ሠሪ የባዶ እግሩን ሯጭ ራሱ ሄዶ አነጋገረ፤ የጃፓን መንገድ ለባዶ እግር እንደማይመች አስረድቶ የራሱን ሥራ ጫማ አጫማቸው፤ እርሳቸውም በዚያ ጫማ ሮጠው አሸነፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በቶኪዮ የሮጡት ግን በጀርመን ጫማ ነበር። ኦኒትሱካ ደንበኛውን አጣ፤ ሥራውን ግን አልተወም፤ አሲክስ የሚባለው የዛሬው ድርጅት ከእርሱ ቤት የወጣ ነው። ማንም አግኝልኝ ሳይለው ገዢውን ባረፈበት ፈልጎ ማግኘት ምን እንደሆነ ይህ ሰው አሳይቷል። ከኢትዮጵያ ወደ ጃፓን የሚሄድ ነጋዴ ግን እስከ አሁን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ለመግዛት ነው። የዚያውም ምክንያት እየጠበበ መጥቷል፤ በቤንዚንና በናፍጣ የሚነዳ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አውቶሞቢል ለማየት ብሎ ቲኬት የሚቈርጥ አስመጪ ሒሳቡን እንደገና ማየት ይኖርበታል።

ኦሳካ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ከተማ ናት። ቶኪዮ የመኳንንትና የሹማምንት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ኦሳካ «የአገሩ ማድ ቤት» ትባል ነበር፤ የየአውራጃው ሩዝ የሚሸጠው በዚያ ነበርና። የከተማው ነጋዴዎች ሰላምታ እንኳ በጃፓን ሁሉ የታወቀ ነው፤ «ሞካሪማካ?» ይባባላሉ፤ «ትርፍ አለ ወይ?» ማለት ነው። መልሱም «ቦቺ ቦቺ ዴንና» ነው፤ «ምንም አይል» እንደ ማለት። በርበሬ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ጠዋት በር ሲከፈት የሚሰማው ሰላምታ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ በሁለቱም ቦታ ሞልቶልኛል ብሎ የሚመልስ ነጋዴ ገና አልተወለደም። የቴንጂንባሺ ሱጂን የገበያ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሄደ ሰው 2.6 ኪሎ ሜትር በጣራ ሥር ይራመዳል፤ ሴንባ ወደሚባለው የጅምላ ጨርቅ ሰፈር የገባ የመርካቶ ሰው ደግሞ ቋንቋው ብቻ የተለወጠ ይመስለዋል።

የጉራጌ ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ራሱን የሚያይበት ታሪክ ግን ከኦሳካ ወጣ ብሎ ይገኛል። ዛሬ ሺጋ በሚባለው አውራጃ ቀድሞ ኦሚ የሚባል አገር ነበር። የኦሚ ሰዎች በትከሻቸው በሚሸከሙት ዘንግ ግራና ቀኝ ጨርቅና አጎበር እያንጠለጠሉ፣ በእግራቸው እስከ ሩቅ አገር ይነግዱ ነበር። ቤተ ሰባቸውን በአገር ቤት ትተው በከተማ ሱቅ ይከፍታሉ፤ ከመንደራቸው ልጅ እያስመጡ ከመጥረግና ከመላላክ አስጀምረው እስከ ሒሳብ መዝገብ ያደርሱታል። ከእነዚህ አንዱ ኢቶ ቹቤ እ.ኤ.አ. በ1858 ገና በዐሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ የተልባ እግር ጨርቅ ይዞ ከአገሩ ወጣ፤ ኢቶቹና ማሩቤኒ የተባሉት የዛሬዎቹ ታላላቅ የንግድ ድርጅቶች መሠረታቸውን ከእርሱ ይቈጥራሉ። ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከሶዶ ወይም ከመስቃን በልጅነቱ ወጥቶ በሊስትሮና በሱቅ በደረቴ ጀምሮ፣ የወንድሙን ልጅ አስመጥቶ በባንኮኒ ኋላ ያሳደገ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስተረጕመው ሰው አያስፈልገውም። የኦሚ ነጋዴዎች ልማድ በኋላ ዘመን «ሳምፖ ዮሺ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ ንግዱ ለሻጭ፣ ለገዢና ለአገሬው ለሦስቱም መልካም ይሁን ማለት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በሰው አገር የሚነግድ እንግዳ አገሬው ከጠላው ሁለተኛ ጊዜ በዚያ በር አያልፍም።

ዕቁብም አላቸው። በጃፓን ኮ ወይም ሙጂን የሚባል፣ ማኅበርተኞች በየጊዜው እያዋጡ በዕጣ ወይም በጨረታ በየተራ የሚወስዱበት ልማድ ከጥንት የቈየ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የሙጂን ማኅበሮች ቀስ በቀስ ድርጅት ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣ ሕግ የመረዳጃ ባንኮች ተባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ደግሞ አብዛኞቹ እንደ ማናቸውም ባንክ ሆኑ። የመርካቶ ዕቁብ ብዙ ሱቅ ከፍቷል፤ ብዙ ልጅ ድሯል፤ ይሁን እንጂ ዕጣው በወጣ ማግሥት ገንዘቡ የአንድ ሰው ይሆናል፤ የዕቁቡ ዓመት ሲያልቅም ማኅበሩ ይበተናል። ይህ ነቀፋ አይደለም፤ ነገር ግን ኦሳካ የደረሰ ዕቁብተኛ ጠይቆ ሊረዳው የሚገባ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ ከተባለ፣ ዋናው ነገር ጆንያ ነው።

በኦሳካ ዶጂማ የተባለው የሩዝ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1730 በመንግሥት ፈቃድ ቆሞ፣ ነጋዴዎች ዓይናቸው ያላየውን ሩዝ በወረቀት ይገበያዩበት ነበር። የዓለም ምርት ገበያዎች ሁሉ ቀዳሚ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያቆመው ሥርዓት ከዚህ ጋር ዝምድና አለው፤ ደረጃ የወጣለት ምርት ገዢው ሳያየው በደረጃው ይሸጣል። በዚያው በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ሊንዴንን፣ ሔፕታክሎርንና ክሎርዴንን የመሳሰሉ የተባይ መድኃኒቶች ርዝራዥ ተገኘ። ጃፓን እስከዚያ ቀን ድረስ ከኢትዮጵያ ቡና ዋነኛ ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ የኢትዮጵያ ቡና ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይመረመር ጀመር፤ ጭነቱም እጅግ ወደቀ። ጥርጣሬው ያረፈው በቡናው ላይ ሳይሆን ቡናው በታሸገበት ጆንያ ላይ ነበር።

ሕጉ ድንገት የወረደ አልነበረም። ጃፓን ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የተለየ ወሰን ላልተወሰነለት የተባይ መድኃኒት ሁሉ በምግብ ውስጥ የሚፈቀደው መጠን ከሚሊዮን ክፍል አንድ መቶኛ ክፍል እንዳይበልጥ ደንግጋለች። ይህ ቍጥር ለጆሮ ስለማይገባ በነጋዴ ቋንቋ ሲተረጐም፣ በመቶ ቶን ውስጥ አንድ ግራም ነው። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ቢቈጠር ከ1,600 በሚበልጥ ጆንያ ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። ደንቡ ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ሲል አደጋው ደረሰ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ጃፓን ደርሶ የተመለሰ፣ ደንቡን የሰማ፣ ከገዢው ቤት ወረቀቱን የተቀበለ ኢትዮጵያዊ ላኪ አንድም አልነበረም ማለት አይቻልም። ለጎረቤቱ ግን አልነገረም። ጎረቤቱም ጆንያውን ከየት እንደገዛው፣ ጆንያው ቀድሞ ምን እንደተሸከመ ሳይጠይቅ ጫነ።

እዚህ ላይ «ምሥጢር የነጋዴ ወረቱ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነትም ዋጋ ምሥጢር ነው፤ የደንበኛ ስምም ምሥጢር ሊሆን ይችላል። የጆንያ ምሥጢር ግን ማንንም አላተረፈም፤ የንጹሑም የጥንቁቁም ቡና «የኢትዮጵያ» በሚል አንድ ስም ተጠርቶ አብሮ ቆሟል። የምርት ገበያው ሥርዓትም በጊዜው ነገሩን አላቀለለውም፤ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣው ቡና በደረጃው ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ፣ ይህ ጆንያ ከማን መጋዘን ወጣ ለሚለው የጃፓን ጥያቄ መልስ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ቡና የተነሣበት ቦታ እየታወቀ እንዲሸጥ በኋላ ሕጉ ተሻሽሏል። በኦሳካ ቡና ቤት የገባ የወልቂጤ ሰው ዛሬም በዋጋ ሰሌዳው ላይ «ሞካ» የሚል ስም ያያል፤ ይህ የየመን ወደብ ስም ብዙ ጊዜ የሚጠራው የኢትዮጵያን ቡና መሆኑን የሚነግረው የለም። ጠይቆ ቢረዳ፣ ማን እንደሚያስመጣውና ጆንያው ምን እንደሚመስል ቢያይ፣ የቲኬቱን ገንዘብ ግማሹን በዚያ ወንበር ላይ አስመለሰ ማለት ነው።

ለቡታጅራም ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የቡታጅራ ገበያ ከማረቆ በሚመጣው በርበሬ የታወቀ ነው፤ ማረቆ ፋና የሚባለው ዝርያ ስሙን የያዘው ከዚያው ነው። በርበሬ በእርጥብ መሬት ላይ ተሰጥቶ፣ ሳይደርቅ በማዳበሪያ ከረጢት ሲከት ሻጋታ ያበጃል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያፈራል። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በማናቸውም ምግብ ውስጥ የምትፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ ከዐሥር ማይክሮ ግራም አይበልጥም። ሲሰላ ያው በመቶ ቶን አንድ ግራም ነው። ክብደት እንዲያነሣ ብሎ በርበሬውን ውሃ የሚያርከፈክፍ ሰው በአገር ውስጥ ገበያ የሚያታልለው አንድ ገዢ ሲሆን፣ በውጭ አገር ገበያ ግን የሚዘጋው የአውራጃውን ሁሉ በር ነው። በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ካይዘን የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈ ቈይቷል፤ የካይዘን ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ2011 በመንግሥት ተቋቁሟል። ከግድግዳው ይልቅ በርበሬ በሚሰጣበት አውድማ ላይ አንድ ሸራ ቢዘረጋ ካይዘን ማለት እርሱ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ነጋዴ ብቻውን፣ ለሌላው ሳይናገር፣ ከራሱ ወጪ አድርጎ የሚሄደው ጉዞ ከፎቶግራፍ በቀር ያመጣው ነገር ጥቂት ነው። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ዓመታት መንግሥት ይሥራልን ብለው ሳይጠብቁ ከኪሳቸው አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ አስጠርገዋል። ለመንገድ ያዋጣ ሕዝብ ለሦስት ሰው ቲኬት ማዋጣት አያቅተውም። ከቡታጅራ አንድ የበርበሬ ነጋዴ፣ ከወልቂጤ አንድ የቡና ነጋዴ፣ ከእነርሱም ጋር ቋንቋ የሚያውቅና የተነገረውን ሁሉ በደብተር የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ በመዋጮ ይላኩ። የመዋጮውም ውል አንድ ይሁን፤ የተመለሰው ደብተር የአዋጪዎቹ ሁሉ ነው። የደንበኛን ስምና ዋጋን ማንም ለራሱ ይያዝ፤ የጆንያው፣ የማድረቂያው፣ የምርመራው፣ የቀነ ቀጠሮው ጉዳይ ግን በንግድ ምክር ቤቱ አዳራሽ ይነበብ። የጃፓን የውጭ ንግድ ድርጅት ጄትሮ እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ስለከፈተ፣ ገዢ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ለማቅረብ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።

ጸሐፊው ለምን ይሂድ የሚል ካለ፣ መልሱ በየሱቁ ይገኛል። ከውጭ አገር ስለ ናሙና፣ ስለ እርጥበት መጠን፣ ስለ ማሸጊያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል፤ ነጋዴው ጸሐፊ ቀጥሮ ሳለ ደብዳቤውን በስልኩ ውስጥ ይዞ ይዞራል፤ መልስ የሚሰጠው ገዢው «ስንት ቶን?» ብሎ የጠየቀ ቀን ነው። ጃፓናዊው ገዢ ግን ቶን ከመጠየቁ በፊት ትናንሾቹን ሃያ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ ለእነርሱ መልስ ያልሰጠ ሰው ሃያ አንደኛውን አይሰማም።

ስለ ጉዞው ወራት ደግሞ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። በነሐሴ የመጀመሪያ አጋማሽ ኦቦን የሚሉት በዓል ስለሚውል የኦሳካ ሰው ለሙታን መታሰቢያ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል፤ በዚያን ሰሞን ገዢ የሚፈልግ እንግዳ፣ በመስቀል ማግሥት መርካቶ መጥቶ የተዘጋ በር እንደሚያንኳኳ ጃፓናዊ ይሆናል። በታኅሣሥ ሁለተኛ አጋማሽ ለአዲስ ዓመታቸው፣ በሚያዝያም ማብቂያ ለተከታታይ በዓሎቻቸው እንዲሁ ይዘጋሉ። ጥቅምትና ኅዳር ግን በሁለቱም ወገን ሱቁ ክፍት ነው፤ አዲሱም በርበሬ የሚለቀምበት ወራት ስለሆነ ናሙናው በእጅ ይገኛል። የንግድ ቪዛው ከጃፓን በኩል የጋባዥ ደብዳቤና የዋስትና ወረቀት ስለሚፈልግ መጻጻፉ ከሐምሌ መጀመር አለበት።